የቀማሽ ምላስ በስድስት ቀን አይሠራም

በቡና ንግድ ውስጥ ብዙ ነገር በገንዘብ ይገኛል። መጋዘን ይከራያል፣ የጭነት መኪና ይገዛል፣ የማበጠሪያ መሣሪያ ከውጭ ይመጣል፣ ዋስትና ያለው ነጋዴም ከባንክ ብድር ያወጣል። ዛሬ ተከፍሎበት ነገ ሥራ ላይ የማይውል አንድ ነገር ቢኖር ግን ጥሩ የቀማሽ ምላስ ነው። ይህ ምላስ በየቀኑ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። ያልተሠራ እንደሆነ ደግሞ ዕዳው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ቡናው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ኬሻ ቡና ይይዛል፤ በድምሩ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ኒውዮርክ ዋጋ በሚቆርጥበት መለኪያ ሲመነዘር ከ42,300 ፓውንድ በላይ ይሆናል። በመሆኑም በፓውንድ የ1 ሳንቲም ልዩነት በአንድ ኮንቴይነር ላይ 423 ዶላር ያህል ነው፤ የ10 ሳንቲም ልዩነት ከ4,200 ዶላር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ፣ በዚያ ዋጋ የሚሰላ አንድ ኮንቴይነር 170,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አሥሮ የሚይዝ ሆኖ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የታሠረበት ዕቃ አንደኛ ደረጃ ነው ወይስ ሁለተኛ? ፍርዱ የሚሰጠው በማንኪያ ተወስዶ በሚማገው ጥቂት ጠብታ ላይ ነው።

አምስት ስኒ፣ አንድ ፍርድ

ቅምሻ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ናሙናው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ለዘብ ተደርጎ ይቆላል፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል። ከዚያም ተፈጭቶ በእያንዳንዱ ስኒ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ሒሳብ ይደረጋል። 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይፈስበታል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ላዩ ላይ የሰፈፈው በማንኪያ ይሰበርና ሽታው ይወሰዳል። ቀጥሎ ቀማሹ በኃይል እየማገ በአፉ ውስጥ ያዳርሰውና ይተፋዋል።

ከአንድ ናሙና 5 ስኒ የሚዘጋጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአምስቱ አንዱ ብቻ የሻጋታ ወይም የከረረ ጣዕም ካለው፣ ከኬሻው ውስጥ ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች አሉ ማለት ነው። አንድ ስኒ ብቻ ቀምሶ የሚፈርድ ሰው ይህ ሊያመልጠው ይችላል። ነጥቡ ከ100 ሲሆን፣ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና በዓለም ገበያ ልዩ ጣዕም ካላቸው ቡናዎች ተርታ ይመደባል። በ79 እና በ80 መካከል ያለችው አንዲት ነጥብ የገዢውን ዓይነት ትለውጣለች።

ጀማሪ ቀማሽ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በመጣደፍ ነው። በመጀመሪያው ማንኪያ ይፈርዳል። ሆኖም ቡና ትኩስ ሳለ የደበቀውን እንከን ሲበርድ ያወጣዋል፤ ትኩስ ሳለ ጭምት የመሰለ ቡናም ለብ ሲል ጣፋጭነቱ ይጎላል። የቆየ ቀማሽ ወደዚያው ስኒ ደጋግሞ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የይርጋጨፌን የአበባ ቃና፣ የሐረርን ሞካ፣ የሊሙን ወይን መሰል ጣዕም፣ የነቀምቴን ፍራፍሬነት በቃል መሸምደድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቡናው ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር ሲደባለቅ፣ መጋዘን ውስጥ ሲከርም ወይም በአልጋ ላይ በቅጡ ሳይደርቅ ሲቀር ያንኑ ቃና ለይቶ ማወቅ ግን የዓመታት ጉዳይ ነው። በወይን ጠጅ ቀማሾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ባለሙያውን ከተራው ሰው በዋናነት የሚለየው የአፍንጫው ስለት አይደለም። የሚለየው ሽታውን የማስታወስ፣ ከሌላው የመለየትና በስሙ የመጥራት ችሎታው ነው። በልምምድ የሚካበተውም ይኸው ነው።

ወረቀትና ሙያ

በዓለም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ«ኪው ግሬደር» ፈተና ከነሥልጠናው ስድስት ቀን ያህል የሚወስድ ነበር። ተፈታኙ 36 ሽታዎችን ለይቶ እንዲያውቅ ይጠየቃል። ሦስት ስኒ ይቀርብለትና ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ የተለየው የትኛው እንደሆነ ያመለክታል። በዚህ ባለ ሦስት ስኒ ፈተና በግምት የሚመልስ ሰው ከሦስት አንድ ዕድል አለው። ስድስት ጊዜ ተከታትሎ በግምት ማግኘት ግን ከ729 አንድ ዕድል ነው። ዕድል የሚያግዘው ለአንድ ቀን መሆኑን ይህ ቁጥር ራሱ ያስረዳል።

የፈተናው አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2025 በአዲስ መልክ ተደራጅቷል። በቀድሞው ሥርዓት የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለ ወረቀቱ ምላሱ ከሌሎች ቀማሾች ጋር አሁንም መስማማቱን እንደገና ማሳየት ነበረበት። ምላስ ካልሠራ ይዝጋል ማለት ነው። ሠራተኛውን ለስድስት ቀን ልኮ «አሁን ቀማሽ አለኝ» የሚል ላኪ፣ ያገኘው የሙያውን መግቢያ በር እንጂ ሙያውን አይደለም።

ዓመት መቁጠር ብቻውን አይበቃም

በተቃራኒው «ሃያ ዓመት ቀምሻለሁ» ማለትም ዋስትና አይሆንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በበርሊን የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን መርምረው ነበር። ከሁሉ የላቁት 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል ብቻቸውን ተለማምደው ተገኙ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በዓለም ናኘ። ተመራማሪዎቹ ያተኮሩት ግን በሰዓቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በልምምዱ ዓይነት ላይም ነበር፤ ይኸውም ድክመትን ለይቶ፣ እርማት እየተቀበሉ፣ ከሚችሉት ትንሽ ከፍ ያለውን ደጋግሞ መሞከር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሌላ ሥራ እንዳመለከተው፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የችሎታ ልዩነት ልምምድ የሚያብራራው በጨዋታ 26 ከመቶ፣ በሙዚቃ 21 ከመቶ፣ በስፖርት 18 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ልምምድ ሁሉንም ነገር አይወስንም፤ ተሰጥኦና የጀመሩበት ዕድሜም ድርሻ ይኖራቸዋል።

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉት ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ለነጋዴ የሚረባ ልዩነት አስቀምጠዋል። ሥራው በየጊዜው የሚደጋገም ሥርዓት ካለውና ስህተት ቶሎ የሚታወቅ ከሆነ፣ ልምድ እውነተኛ ችሎታ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ግን ዓመታት የሚጨምሩት በራስ መተማመንን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅምሻ የመጀመሪያው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ይደገማል፣ ፍርዱም ከሌላ ቀማሽ ፍርድ ጋር በዚያው ሰዓት ይነጻጸራል። የሚመጣውን ዓመት የኒውዮርክ ዋጋ መተንበይ ግን ከሁለተኛው ዓይነት የሚቀርብ ነው። ጥሩ ምላስ ያለው ነጋዴ የዋጋ ነቢይ የሆነ ከመሰለው፣ በቅምሻ ያገኘውን በግምት ሊያጣው ይችላል።

ፍርዱ ወደ ነጋዴው ተጠግቷል

በቀድሞው የጨረታ ዘመን ቡና ተመርምሮ ደረጃ የሚወጣለት በዋናነት በመንግሥት ማዕከል ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲያገበያይ፣ ቅምሻው እንደ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ጅማና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ወደሚገኙ ላቦራቶሪዎች ወረደ። ከዚያም በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 የቀጥታ ግብይትን መንገድ አሰፋ። አቅራቢው ከውጭ ገዢ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር በሚችልበት ጊዜ የገዛ ቡናውን ጣዕም የማያውቅ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚነግረው ገዢው ነው።

ለምላስ የሚከፈለው

ቀማሽ ማፍራት የሚፈልግ ድርጅት የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ አለመቋረጥን ግን ይጠይቃል። በመከር ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል መቅመስ ከወር አንዴ ሙሉ ቀን ከመቅመስ ይሻላል፤ ምላስ ሲደክም ሁሉም ቡና አንድ ይመስላልና። ናሙናው በስም ሳይሆን በቁጥር መቅረብ አለበት። «ይርጋጨፌ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ስኒ የሚቀምስ ሰው አበባ ሳይሸተው አይቀርም።

ጀማሪው ነጥቡን ጽፎ ከመጨረሱ በፊት አዛውንቱ ቀማሽ አይናገሩ። ቀድመው ከተናገሩ ወጣቱ የሚማረው ቡናውን ሳይሆን የእርሳቸውን ፊት ማንበብ ነው። አልፎ አልፎም የትናንቱን ናሙና በሌላ ቁጥር መልሶ ማቅረብ ይበጃል። ትናንት 84 የሰጠውን ዛሬ 79 ከሰጠው፣ ገና ገንዘብ ሊታመንበት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገብ ነው። ከውጭ ገዢ የሚመጣው የጥራት ሪፖርት በብዙ ቢሮ የሚነበበው ጠብ ሲነሳ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ወደ ቅምሻ ክፍሉ ተመልሶ ቀማሹ ከመላኩ በፊት ከጻፈው ነጥብ ጎን ቢሰፍር፣ እያንዳንዱ ጭነት ትምህርት ይሆናል።

እዚህ ላይ የባለሀብቱም ትዕግሥት ይፈተናል። በመጀመሪያው ዓመት ተለማማጁ ደመወዝ እየበላ የሚረባ ፍርድ ላይሰጥ ይችላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ምላሱ ሲበስል ደግሞ ሌላ ላኪ ጭማሪ አቅርቦ ይጠራዋል። ብዙዎች «ለሰው አሠልጥኜ ነው» ብለው ሥልጠናውን ይተዉታል። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ ካሰበ ማንም አያሠለጥንም፤ ያሉት ጥቂት ቀማሾችም ዋጋቸው በየዓመቱ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ የቀማሹን ክፍያ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ፣ ማለትም ፍርዱ ከገዢው ሪፖርት ጋር በተስማማ ቁጥር እንዲጨምር ማድረግ፣ ሰውየው የሚቆይበት ምክንያት ይሰጠዋል።

ወጪው ለከበደው ነጋዴ ማነጻጸሪያው ሩቅ አይደለም። ደረጃው በስህተት ተገምቶ በፓውንድ 10 ሳንቲም የቀነሰ አንድ ኮንቴይነር 4,200 ዶላር ይዞ ይሄዳል። ያ ገንዘብ ወደ ብር ተመንዝሮ በተለማማጅ የወር ደመወዝ ሲካፈል ስንት ወር እንደሚወጣው እያንዳንዱ ላኪ በራሱ መዝገብ ሊያሰላው ይችላል።