የባሕር ፋና ሌንሶች፦ አሠራራቸው፣ ታሪካቸውና ጥገናቸው

አንድ ኩራዝ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ከደጅ አልፎ ግን ሩቅ አይታይም። ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን ከምንጩ በራቅን ቁጥር በርቀቱ ስኩዌር ልክ እየደከመ ይሄዳል። ታዲያ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን፣ በዘይት የሚነድ ፋኖስ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን መርከበኛ ከዐለት እንዲጠነቀቅ ለማድረግ እንዴት ቻለ? መልሱ የሚገኘው በመብራት ማማው አናት ላይ፣ ፋኖሱን ከብቦ በቆመው ሌንስ ውስጥ ነው።

የተቀነሰው መስታወት

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዙ ማማዎች ብርሃን ወደ ባሕር የሚላከው ከፋኖሱ በስተጀርባ በተቀመጡ ጎድጓዳ የብረት አንጸባራቂዎች ነበር። እነዚህ ግን ከሚያርፍባቸው ብርሃን ጥቂት የማይባለውን ያባክኑ ነበር። በተራ ኮንቬክስ ሌንስ እንዳይተኩ ደግሞ፣ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ሌንስ እጅግ ወፍራምና ከባድ ይሆናል።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅና መሐንዲስ ኦጉስታን ዣን ፍሬኔል (1788–1827) ችግሩን የፈታው ከአንድ ቀላል እውነታ ተነሥቶ ነው። ብርሃን የሚሰበረው ወደ መስታወት ሲገባና ከመስታወት ሲወጣ፣ ማለትም በገጽታዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ነው። እንግዲህ የገጽታዎቹ ዝንባሌ እስከ ተጠበቀ ድረስ በመካከል ያለው መስታወት ቢቀነስ የብርሃኑ አቅጣጫ አይለወጥም። ስለዚህ ወፍራሙን ሌንስ ወደ ተከታታይ ቀጫጭን ቀለበቶች መለወጥ ይቻላል። የደረጃዊ ሌንስን ሐሳብ ቡፎን እ.ኤ.አ. በ1748 አንሥቶት ነበር፤ ለመብራት ማማ ያበቃው ግን ፍሬኔል ነው። ሌንሱ እ.ኤ.አ. በ1823 በጂሮንድ ወንዝ መግቢያ በሚገኘው የኮርዱዋን ማማ ላይ በራ። ፍሬኔል ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ39 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ከፋኖሱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ብርሃን አቅጣጫው ብዙ መለወጥ ስላለበት ስብረት ብቻውን አይበቃውም። ለዚህ ፍሬኔል ፍጹም ውስጣዊ ነጸብራቅን ተጠቀመ። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ለመውጣት ሲሞክር ከ42 ዲግሪ ገደማ በሚበልጥ አንግል ካረፈ ፈጽሞ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። በሌንሱ ላይኛውና ታችኛው ክፍል የተደረደሩት ባለሦስት ማዕዘን ፕሪዝሞች በዚህ መንገድ ብርሃኑን ወደ አድማስ ይመልሱታል።

ሌንሶቹ በመጠናቸው በደረጃ ተከፈሉ፦ ከፋኖሱ እስከ ሌንሱ ያለው ርቀት በአንደኛው ደረጃ 920 ሚሊ ሜትር፣ በስድስተኛው 150 ሚሊ ሜትር ነው።

ከመስታወቱ በፊት የሚያረጀው

መስታወት በቀላሉ አያረጅም። የሚያረጀው ፕሪዝሞቹን ከናስ ክፈፋቸው ጋር ያያዘው፣ ከተልባ ዘይትና ከእርሳስ ውህድ የተለወሰው ማጣበቂያ ነው። ይህ ሲደርቅና ሲፈረፈር ፕሪዝሞቹ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ከክፈፉ ጋር እየተጋጩም ጠርዛቸው ይሸረፋል። በጥንቱ ማጣበቂያ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዛማ ነው። አንዳንድ ከባድ ሌንሶች በቀላሉ እንዲሽከረከሩ የሚንሳፈፉበት ባዜቃም (ሜርኩሪ) እንዲሁ፤ ስለዚህ ጥገናው ለጠጋኙም አደጋ አለው።

ጠጋኞች አስቀድመው እያንዳንዱን ፕሪዝም በፎቶግራፍ ይመዘግባሉ፤ ቁጥርም ይሰጡታል። አቧራው መስታወቱን እንዳይጭረው በለስላሳ ብሩሽ ያነሡታል። የተሰነጠቀውን የሚያጣብቁት የስብረት መጠኑ ከመስታወቱ ጋር በተቀራረበ ሙጫ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብርሃን በስንጥቁ ላይ አይሰበርም፣ ስንጥቁም ከዐይን ይሰወራል።

ከሁሉ የሚከብደው ፕሪዝሙን በትክክለኛው ዝንባሌ መመለስ ነው። ለዚህ የሚያገለግል አንድ ጥንታዊ ዘዴ አለ። የብርሃን ጎዳና ወደፊትም ወደኋላም አንድ ስለሆነ፣ ፋኖሱ በሚቆምበት ነጥብ ላይ ዐይኑን ያኖረ ሰው በእያንዳንዱ ፕሪዝም በኩል የባሕሩን አድማስ ማየት አለበት። ሰማይ ብቻ ከታየው ፕሪዝሙ ብርሃኑን ለመርከብ ሳይሆን ለደመና ይልካል።

በማማው ወይስ በሙዚየም?

በፍሎሪዳ የሴንት ኦገስቲን ማማ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1986 በጠመንጃ ተመትቶ 19 ፕሪዝሞቹ ተሰበሩ። በዘመናዊ መብራት ይተካ የሚል ሐሳብም ነበር፤ ሆኖም የአካባቢው ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ እንዲጠገን አደረገ፤ በ1993 በዚያው ማማ ላይ ዳግመኛ በራ። በካሊፎርኒያ የፒጅን ፖይንት ማማ ላይ ግን የተወሰነው ሌላ ነው። 1,008 ፕሪዝሞች ያሉት ሌንስ ማማው ስለ ተጎዳ በ2011 ወደ ምድር ወርዷል። የመጀመሪያው ሌንስ ሥራውን ይዞ ቀረ፤ ለነፋስ፣ ለፀሐይና ለጥይት ግን ተጋልጧል። ሁለተኛው ሲወርድ ከአደጋ ዳነ፤ ነገር ግን የተሠራበትን አድማስ ከፊቱ አጣ። አንዱን ምርጫ ያለ ሌላው ጉዳት ማግኘት አይቻልም።

የፍሬኔልን ሐሳብ ለመመርመር ባሕር ዳር መሄድ አያስፈልግም። በትምህርት ቤታችሁ መጋዘን ያረጀ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ካለ የላይኛውን መስታወት አንሡና ከሥሩ ያለውን ስስ ፕላስቲክ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጥፍራችሁ የሚያገኛቸው ክብ ክብ ደረጃዎች ከኮርዱዋን ሌንስ ቀለበቶች ጋር አንድ ሕግ ይጋራሉ።