«የለም» የተባለውን ማድመጥ

አጎቴ መርካቶ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈቶ ነበር። ለሚያየው ሰው ማለቴ ነው። ጠዋት ይወጣል፣ የቤት ዕቃ ሱቆቹ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ማታ ይመለሳል። አክስቴ «ባሌን ምን ነካብኝ?» ብላ እናቴ ዘንድ መጥታ አልቅሳለች። እሱ ግን እየቆጠረ ነበር። ገዢ ይገባል፤ «የዚህ ድስት ክዳኑ ብቻ አለ?» ይላል፤ ባለሱቁ «የለም» ይላል፤ ገዢው ባዶ እጁን ይወጣል። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ አጎቴ ሱቅ ከፈተ። ድስት አልሸጠም፤ ክዳን ነው የሸጠው።

ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ከኪሴ ገንዘብ፣ ከእንቅልፌም ሰዓት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ልሠራው የተነሣሁት አፊሊዬት ማርኬቲንግ የሚባለውን ነው። በአማርኛ ስሙ የታወቀ ነው፤ ደላላነት። ስለ አንድ ዕቃ ትጽፋላችሁ፣ ወደ ሻጩ የሚወስድ ሊንክ ታስቀምጣላችሁ፣ አንባቢው በዚያ በኩል ገብቶ ከገዛ ኮሚሽን ታገኛላችሁ። ዕቃ ማከማቸት፣ ማሸግ፣ መላክ የለም። አማዞን የራሱን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው 4.5 በመቶ ነው፤ በእናንተ ሊንክ የ150 ዶላር ቡና መፍጫ ቢሸጥ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ትወስዳላችሁ። አንባቢው ሊንኩን ከተጫነ በኋላ ወስኖ ዕቃውን ቅርጫቱ ውስጥ እንዲከት ያለው ጊዜ ደግሞ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ሻጩ በፈለገ ጊዜም ኮሚሽኑን ይቀንሳል፤ በ2020 ኤፕሪል አማዞን ለቤት ቁሳቁስ ይከፍል የነበረውን 8 በመቶ ወደ 3 አውርዶታል። በዚህ ስስ ትርፍ የማይሆን ቦታ ላይ መቀመጥ አያዋጣም።

እኔ የተቀመጥኩት እዚያ ነበር። ቡና አውቃለሁ ብዬ ስለ ቡና ዕቃ ልጽፍ ተነሣሁ። ጎግል ላይ ፈለግኩ፣ ከፊት የመጡትን ድረ ገጾች አነበብኩ፣ እነሱን መስዬ ጻፍኩ። «ምርጥ አሥር የቡና መፍጫዎች»፣ «ከመቶ ዶላር በታች ምርጥ አምስት»። ስድስት ወር፣ 14 ጽሑፍ፣ አንድ ሽያጭ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ የሚለቀምም አልተረፈኝም። ተፎካካሪዎቼን አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ያየሁት ግን መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ነው።

በሁለተኛው ዙር ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ከፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ ነው። «ምርጥ የቡና መፍጫ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ ከምታገኟቸው አንዱ ዋየርካተር ነው። በ2011 ተመሠረተ፣ በ2016 ኒውዮርክ ታይምስ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ ዕቃ እየፈተሹ የሚውሉ ጸሐፊዎች አሉት። እኔ ከእሱ ጎን ድስት ልሸጥ ነበር! ፍለጋውን አጥብቤ «አፓርታማ ውስጥ ቡና መቁላት» ስል ግን ሌላ ሰፈር ገባሁ። ከፊት የመጡት የአንድ ሰው ድረ ገጾችና ሰዎች ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ እርስ በርስ የተጠያየቋቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ትንንሾቹ ፊት መስመር ላይ ከተገኙ ለሌላ ትንሽም ቦታ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ዕቃቸውን ቆጠርኩ። ከድረ ገጹ አድራሻ ኋላ እዝባር አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይትማፕ ነጥብ ኤክስኤምኤል» ብትጽፉ፣ ብዙዎቹ የገጾቻቸውን ዝርዝር ሙሉውን ያወጡላችኋል፤ አንዳንዶቹም እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ የተነካበትን ቀን ጭምር። አንዱ ተፎካካሪዬ ስለ መፍጫ ከሁለት መቶ በላይ ገጽ አለው፤ ስለ መቁላት አራት፤ አራቱም ሦስት ዓመት አልተነኩም።

ከዚያ እንጀራቸው ከየት እንደሚመጣ አየሁ። ማውሱን ሊንኩ ላይ ሳትጫኑ ብታሳርፉት አድራሻው ከታች ይታያል። የአማዞን ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ታግ» የሚል ቃል አለበት፤ የአሜሪካው ታግ በ20 ቁጥር ያልቃል። ወደ ሌላ ሻጭ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ምናልባት የተሻለ የሚከፍል ሰው አግኝተዋል።

ታሪካቸውንም መረመርኩ። ኢንተርኔት አርካይቭ በ2001 ለሕዝብ የከፈተው ዌይባክ ማሽን የድሮ ገጾችን እንደነበሩ ያሳያል። አንድ ገጽ ከአምስት ዓመት በፊት አንዱን መፍጫ «በእጄ ፈትሼው ወደድኩት» ይላል። ዛሬ ቃሉ ሳይለወጥ የመፍጫው ስም ብቻ ተለውጧል። ሰውየው መፍጫውን አንድም ቀን እንዳልነካው ያወቅኩት ያኔ ነው።

የሌሎችን ጎብኚ ብዛት የሚነግሩ አሬፍስ፣ ሴምረሽ፣ ሲሚላርዌብ የሚባሉ መሣሪያዎችም አሉ። ይጠቅማሉ፤ ግን የሚሰጡት ግምት ነው፤ ሙሉ አገልግሎታቸውም ውድ ነው። ለጀማሪ ደብተሩ ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ሻይ ቤቷ ቁጭ አልኩ፤ ማለትም ገዢዎቹን ሰማሁ። ከየጽሑፉ ሥር የተጠየቁትንና መልስ ያጡትን፣ ቡና መቁያ ገዝተው ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አነበብኩ። አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ መጣ፦ ጭሱስ? ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በመጀመሪያው እሑድ ቡና ስትቆላ የአፓርታማው ደወል ጮኾ ጎረቤት በሙሉ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ድረ ገጽ አየሁ፤ አንዱም በገዛ ወጥ ቤቱ ሲቆላ የሚያሳይ ፎቶ የለውም። የለም!

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያያችሁትን አትገልብጡ፤ ጽሑፍም ፎቶም ባለቤት አለው። ጎግልም በማርች 2024 ደረጃ ለመስረቅ ብቻ በጅምላ የሚፈበረክ ጽሑፍን እንደ አይፈለጌ እንደሚቆጥር ደንግጓል። ኮሚሽን እንደምታገኙም በግልጽ ጻፉ፤ የአሜሪካ ሕግ ያዛል፤ የተደበቀ ደላላን ደግሞ ማን ያምናል?

ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጅቶብኝ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ቡናውን በምጣድ ቆላሁ፣ መስኮት ሥር በፈንዲሻ ማሽን ቆላሁ፣ ጭስ በሚቀንስ መቁያ ቆላሁ። ምጣዱ በዘጠነኛው ደቂቃ ደወሉን አስጮኸው። ሁሉንም ፎቶ አነሣሁ፤ ፎጣ የምታራግብ ጎረቤቴንም፣ አስፈቅጄ።

ያ አንድ ጽሑፍ ከ14ቱ ይበልጣል። ሀብታም አላደረገኝም፤ ፓርኪንጉም እንዳለ ነው። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዋ ኮሚሽን የመጣችው በመቁያው ሊንክ ገብቶ መቁያውን ትቶ ዳይፐር ከገዛ ሰው ነው፤ በሊንካችሁ የገባ ሰው ሌላ ዕቃ ቢገዛም ብዙውን ጊዜ ይታሰብላችኋል። ለአጎቴ ደውዬ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አንተ ልጅ፣ አሁንስ ሰዎቹ ምን ጠይቀው ነው የሚያጡት?» አለኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። አራት ነገር ተጽፏል። ለእሱ አነበብኩለት፤ ለእናንተ ግን አልነግራችሁም።