ከሌላ ኮከብ የመጣው እንግዳ ያስነሳው ሙግት

በሃዋይ ደሴቶች፣ ሃሌአካላ በተባለው ተራራ አናት ላይ የተተከለው ፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ዋና ሥራው ወደ ምድር ሊጠጉ የሚችሉ የሰማይ ዐለቶችን ማደን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2017 ሮበርት ዌሪክ የተባለ ተመራማሪ ቴሌስኮፑ ያነሳቸውን ምስሎች ሲመረምር አንድ የሚሮጥ የብርሃን ነጥብ አገኘ። መንገዱ ሲሰላ ግን ፀሐይን የሚዞር ሆኖ አልተገኘም። ፍጥነቱ የፀሐይ ስበት ይዞ ሊያስቀረው ከሚችለው በላይ ነበር። ከሌላ ኮከብ አካባቢ ተነስቶ በእኛ ሰፈር በኩል አቋርጦ ላይመለስ የሚሄድ አካል ነው።

ኦሙአሙአ ተባለ። የሰው ልጅ በስርዓተ ፀሐይ ውስጥ ሲያልፍ ያየው የመጀመሪያው የሩቅ እንግዳ ነው፤ የሚያሳዝነው የታየው በሚሄድበት ሰዓት መሆኑ ነው። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ሴፕቴምበር 9 ላይ በመሆኑ፣ ሲገኝ ከወር በላይ አልፎት ነበር። ደብዝዞ ከቴሌስኮፖች ዓይን እስኪሰወር ድረስ የቀረው ጊዜም አጭር ነው። በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲዞር የከረመው ሲጋራ የመሰለ ዐለት የሠዓሊ ሥራ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። በሳይንቲስቶቹ እጅ ያለው ምስል የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው።

ያ ነጥብ ግን ብዙ ይናገራል። በስምንት ሰዓት ገደማ ውስጥ ብርሃኑ አሥር እጥፍ ያህል ይጨምርና ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው አካሉ እየተገለባበጠ የሚጓዝ፣ ቅርጹም በጣም የረዘመ ወይም የተዘረጋ ከሆነ ነው። ከበረዶና ከአቧራ የተሠሩት ጅራታም ኮከቦች ፀሐይ ስታሞቃቸው የሚያወጡት ጭጋግም ሆነ ጅራት አልታየበትም። ይህም ሆኖ በ2018 ማርኮ ሚኬሊና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት ኦሙአሙአ ከፀሐይ ሲርቅ፣ ከስበት ሌላ የሆነ ኃይል በጥቂቱ እየገፋው እንደነበር አሳየ። ጅራታም ኮከብን እንዲህ የሚገፋው ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ነው። ታዲያ ጋዙ የት አለ?

በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቪ ሎብ፣ ከሽሙኤል ቢያሊ ጋር ሆነው ብዙዎችን ያስደነገጠ መልስ አቀረቡ። የሚገፋው የፀሐይ ብርሃን ራሱ ከሆነ አካሉ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ነገር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሌላ ሥልጣኔ የተሠራ የብርሃን ሸራ ሊሆን ይችላል አሉ። ሎብ በ2021 ሐሳባቸውን በመጽሐፍ አስፋፍተው አወጡት።

ተቃውሞው የመጣው ከስድብ ይልቅ በስሌት መሆኑ ያስመሰግናል። በ2019 የተለያዩ አገር ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ግምገማ፣ የታየው ሁሉ ከተፈጥሯዊ አካል ጋር የሚስማማ ነው ብለው ደመደሙ። ስቲቨን ዴሽና አላን ጃክሰን ፕሉቶን ከመሰለ የሩቅ ዓለም የተፈነቀለ የናይትሮጅን በረዶ ቁራጭ ነው አሉ። በ2023 ደግሞ ጄኒፈር በርግነርና ዳሪል ሴሊግማን ቀለል ያለ ማብራሪያ አመጡ። አካሉ በከዋክብት መካከል ሲጓዝ የጠፈር ጨረር በውስጡ ያለውን የውሃ በረዶ እየሰባበረ ሃይድሮጅን ያጠራቅማል። ፀሐይ ስታሞቀው የታፈነው ሃይድሮጅን አቧራ ሳያስነሳ ያመልጥና አካሉን ይገፋዋል። ሎብ ይህንንም ሞግተዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ሚዛኑ ወደ በረዶው ያደላል ባይ ነው፤ ምክንያቱም ማብራሪያው ማንም አይቶት የማያውቅ ሠሪ አያስፈልገውም። የግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕም በዲሴምበር 2017 ጆሮውን ጥሎበት ሰው ሠራሽ የሚመስል ምልክት አልሰማም።

ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየው ሌላው ታሪክ የፓስፊኩ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2014 በፓፑዋ ኒው ጊኒ አቅራቢያ አንድ ተወርዋሪ ዐለት ባሕር ላይ ፈነዳ። የሎብ ቡድን ይህም ከሌላ ኮከብ የመጣ ነው ብሎ በ2023 ማግኔት በባሕሩ ወለል ላይ እየጎተተ ከሚሊ ሜትር ያነሱ የብረት እንክብሎችን ለቀመ። የወደቀበትን ቦታ ለማጥበብ ከተጠቀሙበት መረጃ አንዱ በማኑስ ደሴት ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ነው። በ2024 ቤንጃሚን ፈርናንዶና ባልደረቦቹ መዝገቡን ፈትሸው፣ ንዝረቱ የመጣው በመሣሪያው አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ላይ ከሚሄድ የጭነት መኪና ሳይሆን እንዳልቀረ አሳዩ። ሎብ ዋናው መነሻችን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሳተላይት መረጃ ነው ብለው መልሰዋል።

ከኦሙአሙአ በኋላ ሁለት እንግዶች መጥተዋል። በ2019 ጌናዲ ቦሪሶቭ የተባለ አማተር ተመልካች በራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ያገኘውና በስሙ የተጠራው አካል ጭጋግም ጅራትም ያለው ጅራታም ኮከብ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 2025 በቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ሦስተኛውን አገኘ። ሎብ ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል የሚለውን ጥያቄ እንደገና ቢያነሱም፣ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከአካሉ ዙሪያ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ፤ ናሳም ጅራታም ኮከብ ነው አለ።

አሁን የሚጠበቀው ቀጣዩን እንግዳ ከመሄዱ በፊት ማግኘት ነው። በቺሊ ሥራ የጀመረው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ሰማዩን በየጥቂት ቀኑ እየደጋገመ እንዲያነሳ ተሠርቷል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ደግሞ ኮሜት ኢንተርሴፕተር የተባለች መንኩራኩር በ2029 ገደማ ሊያመጥቅ አቅዷል። መንኩራኩሯ ጠፈር ላይ ቆማ ዒላማ ትጠብቃለች፤ ከሌላ ኮከብ የመጣ አካል በምትደርስበት መንገድ ካለፈ አጠገቡ ሄዳ ፎቶ ልታነሳው ትችላለች።