ኮርቻ ከመግዛታችሁ በፊት

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ፈረሰኞች «ርካሽ ኮርቻ ገዝቼ ግላስ ብደርብበትስ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለጠበበ ኮርቻ ግላስ መደረብ በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ እንደማድረግ ነው፤ ይብስ ያጣብቃል፣ ገጣባ ያመጣል።

1. ያለ ግላስ ጫኑትና ተቀመጡበት። በትከሻው ጉብታና በኮርቻው መካከል ከ2 እስከ 3 ጣት ይግባ፤ አከርካሪውን አይንካ።

2. ኮርቻው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት አይለፍ።

3. ጋልባችሁ ስትወርዱ ላቡን እዩ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ በረጠበው መሃል ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ሳይጫነው አይቀርም።

4. ለራሳችሁ፦ ስትቀመጡ ከኋላችሁ የመዳፍ ስፋት ያህል ይትረፍ።

ያገለገለ ኮርቻ ኪስ አይጎዳም። የረገበ ሙሌቱን ኮርቻ ሠሪ ያድሰዋል። ፊትና ኋላውን ይዛችሁ ስትጫኑት ከተንቋቋ ግን እንጨቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ተዉት።

የፈረሳችሁን ጀርባ ከጎን ፎቶ አንስታችሁ ጠይቁኝ።