ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና፦ ከብት ከመጫንዎ በፊት ምን ይመርምሩ?

ከብቱ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ካለ ነጋዴው የሚከስረው የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ላይ ተፋፍጎ የቆመ ከብት ይጠማል፣ ይጋፋል፣ ይወድቃል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአስፋልት ቢጠናቀቅም፣ የታጠቁ ሰዎች በተደጋጋሚ ጥቃት ያደረሱበት መስመር ስለሆነ ቆሞ መካኒክ የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም።

ሾፌሮች ብዙ ጊዜ «ሌሊቱን ስለበረደው ነው» ይላሉ። በደጋ አገር ይህ ያስኬድ ይሆናል። የጁባ ሌሊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። በዚህ አየር ጤነኛ የናፍጣ ሞተር አድሮም ቢሆን በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ካልተነሳ ጥፋቱ የብርድ ሳይሆን የብልሽት ነው።

የናፍጣ ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ፈጥኖ መዞር፣ ናፍጣ ማግኘትና በእመቃ የሚፈጠር ሙቀት። የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ ቁልፉ ሲዞር ድምፁን ይስሙ፣ ማርሚታውን ይመልከቱ።

ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ

ከባትሪ ይጀምሩ። አድሮ የተለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሁለት ባትሪ ባለው የጭነት መኪና በድምሩ 25 ቮልት ገደማ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር የአንዱ ባትሪ ቮልት ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ግን የባትሪውን ራስና ከሻሲው ጋር የታሰረውን ገመድ ፈትተው ያጽዱ፣ አጥብቀው ይሰሩ። ሞተሪኖው የሚፈተሸው ከዚህ በኋላ ነው።

ፈጥኖ ዞሮ ጭስ ከሌለ

ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ጠዋት ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ በሌሊት አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባቲዮ ይመለሳል ማለት ነው። ከሰልባቲዮ እስከ ፓምፑ ያለውን ጎማ፣ ማሰሪያና የፊልትሮ ማተሚያ ይፈትሹ። ይህ መስመር ናፍጣን የሚስብ ስለሆነ ምንም ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል።

በጄሪካን የተገዛ ናፍጣ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፤ ጄሪካኑን አሳድረው ከላይ ይቅዱ። የፊልትሮውን የውሃ ማውጫም ከፍተው በጠርሙስ ይዩት።

ፈጥኖ ዞሮ ነጭ ጭስ ካወጣ

ናፍጣው ደርሷል፤ አልተቃጠለም። እንደ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ባሉ ማሞቂያ ካንዴላ ባላቸው መኪኖች መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ካንዴላዎቹ መድረሱን፣ ከዚያም እያንዳንዱን ለየብቻ ያስፈትሹ። ካንዴላው ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ ሲሞቅ በቀላሉ የሚነሳ፣ ዘይትም የሚበላ ከሆነ እመቃው ደክሞ ይሆናል፤ ያስለኩት። ኢንጀክተር የሚፈታው በመጨረሻ ነው፤ ወጪውም ከፍ ያለ ነው።

የማይደረግ

ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ የማስነሻ ስፕሬይ አይርጩ፤ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ከሰልባቲዮ ወይም ከሞተር ሥር እሳት ማንደድም መኪናውንም ከብቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

መኪና ሲከራዩ

ለመዋዋል ሲሄዱ ሞተሩ አስቀድሞ ተነስቶ ከጠበቀዎት ይጠንቀቁ፤ የሞቀ ሞተር እነዚህን ብልሽቶች ሁሉ ይደብቃል። ማልደው ይሂዱ፣ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ዓይንዎ እያየ ይነሳ። ሞቆ ካገኙት ደግሞ ቀብዱን ሳይከፍሉ በማግስቱ ጠዋት ይመለሱ።