በቀይ የተመለሰው ወረቀት

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ለአጭር እረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የሕብረተሰብ ጤና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። እንደ ወትሮዋ ቡናው ላይ ቀርባ አልተጫወተችም፤ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ምሳ ይዤላት ብገባ ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ጽሑፍ ዳር እስከ ዳር በቀይ ተሞልቷል።

«ምንድን ነው ልጄ?» አልኳት።

«የመመረቂያ ጥናቴ ረቂቅ ነው እማማ። አማካሪዬ 31 አስተያየት ጽፎ መለሰልኝ። በቃኝ! ግቢያችን አጠገብ ከፍለሽ የምታሠሪበት ቤት አለ። እኔም ከፍዬ አሠራለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አባቷ ይህን ሲሰማ ስልኩን አነሳ። «ቁጥሩን ስጪኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ» አለ። ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የተደናገጠ ሰው ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው መረጋጋት መሆኑን ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ የታረምኩበትን ቀን ነገርኳት። በታካሚ ካርድ ላይ «ታካሚው ደህና አድሯል» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪያችን ካርዱን መልሳ ሰጠችኝና «ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ሙቀቱ ስንት? ትርታው ስንት? ስንት ጊዜ ተነፈሰ?» አለችኝ። በጓደኞቼ ፊት ስለነበር አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ግን «ደህና» የሚል ቃል ብቻዬን ጽፌ አላውቅም። የታረመው ካርዱ ነበር፤ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አስተያየቶቹን አብረን አነበብን። ጥናቷ ስለ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። ይህ ክትባት በአገራችን በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። የመጀመሪያውን አስከትበው ለሁለተኛው የማይመለሱ እናቶች ብዙ ስለሆኑ ርዕሱ ጥሩ ነበር።

«እስካሁን ምን አስተካከልሽ?» አልኳት። ሦስት ምሽት ሙሉ ፊደል ስታርም፣ የገጽ ቁጥር ስታስተካክል ማምሸቷን ነገረችኝ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢመጣ፣ ጣቱ ላይ ያለውን ጭረት በፋሻ መጠቅለል አንጀምርም። መጀመሪያ ትንፋሹ ነው። ስለዚህ 31ዱን አስተያየት በሦስት ወረቀት ላይ አስከፋፈልኳት።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ መሠረቱን የሚነኩ 5 አስተያየቶች ገቡ። ለምሳሌ ርዕሷ «የእናቶች ትምህርት በክትባት ላይ ያመጣው ለውጥ» ይል ነበር። አማካሪው «በአንድ ጊዜ መጠይቅ ምክንያትና ውጤትን ማሳየት አይቻልም» ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን ይናገራል እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። ርዕሱ «ተያያዥ ሁኔታዎች» ወደሚል ተለወጠ። ሌላው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናትን አጠናለሁ ብላ ነበር። ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር ከሆነ፣ የ13 ወር ሕፃን ገና ሳይደርስበት «አልተከተበም» ተብሎ ሊቆጠር ነው! ዕድሜውን ከ24 እስከ 35 ወር አደረገችው።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ ማስረጃ የሚጠይቁ 9 አስተያየቶች ሰፈሩ። «ለምን 200 እናቶች?» የሚል ነበረበት። እሷም «ብዙ መስሎኝ» አለችኝ። ከመማሪያ መጽሐፏ ስሌቱን አወጣን። ቀድሞ የተጠና ቁጥር ከሌለ ግማሽ በግማሽ ተብሎ ይወሰዳል። 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲያዝ 385 ይመጣል። መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመርበት 424 ይሆናል። የእሷ 200 ከግማሽ ያነሰ ነበር።

በሦስተኛው ወረቀት ላይ የፊደል፣ የሠንጠረዥና የአቀማመጥ 17 አስተያየቶች ቀሩ። እነዚህ የመጨረሻ ሆኑ። መሠረቱ ሲስተካከል ሦስት ምሽት ፊደል ያረመችባቸው ገጾች እንዳለ ተሰረዙ፤ ከ17ቱም ብዙዎቹ አብረው ጠፉ።

ያልገባት አንድ አስተያየት ነበር፤ «ይህ ግልጽ አይደለም» ብቻ ይላል። ለመጠየቅ ፈራች። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኳትና መልእክት ጻፈች። «አልገባኝም» ብላ ግን አልተወችውም፤ «ያልተከተበ ሕፃን ስል ካርድ የሌለውን ነው ወይስ እናቱ አልተከተበም ያለችውን የሚለውን ልለይ ማለትዎ ነው?» ብላ ጠየቀች። በማግስቱ መልስ አገኘች። ጥያቄው የተለየ ሲሆን መልስ ለመስጠትም ይቀላል።

አንዱን አስተያየት ደግሞ አልተቀበለችውም። አማካሪው እንዲቀላት ብሎ እናቶቹን ጤና ጣቢያ ላይ ጠይቂ ብሏት ነበር። እሷ ግን «ጤና ጣቢያ የማይመጡትን እናቶች አላገኛቸውም፤ ጥናቴ ደግሞ ስለነሱ ነው» ብላ ምክንያቷን በትሕትና ጻፈች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከያዙት መዝገብ በዕጣ መርጣ ቤት ለቤት እንድትሄድ ተስማማ። አስተያየት ሁሉ ትእዛዝ አይደለም፤ ሲለወጥም ሳይለወጥም ግን ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ረቂቁን ስትልክ አማካሪው ያለውን፣ እሷ ያደረገችውንና የገጹን ቁጥር የያዘ አንድ ሠንጠረዥ አያይዛ ላከች።

ወላጆችና አያቶች፣ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ወደ አማካሪው አንደውል፤ ልጁ ነገ ሥራ ቦታ ላይ አለቃውን ራሱ ማናገር አለበት። «ይህን ያህል ስህተት እንዴት ሠራሽ?» አንበል። ለሚያሠሩበት ቤት ገንዘብ አንስጥ። ማጭበርበር መሆኑ ሳያንስ፣ ፈታኞች ፊት ቆመው «ለምን 424?» ሲባሉ የሚመልሱት ያጣሉ። እንደኔ ሙያው ባይኖራችሁም ግድ የለም። «ከእነዚህ ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚለውጠው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ልጁ በቀላል አማርኛ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ለናንተ ማስረዳት ካቃተው፣ ለራሱም ገና አልገባውም ማለት ነው። በተረፈ ጸጥ ያለ ክፍልና ከመላላክ የተረፈ ጥቂት ሰዓት ስጡት።

ሁለተኛው ረቂቅ በ6 አስተያየት ተመለሰ። የልጅ ልጄ ደወለችልኝና «እማማ፣ 6 ብቻ ነው፤ መሠረቱን የሚነካ ግን አንድ አለበት» አለችኝ። የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቃት እሷ ለይታዋለች። እኔም ስልኩን ዘግቼ ቡናዬን አፈላሁ።