«ገብረ ሥላሴ» በብሬመን ማሊያ

ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ተወላጅ ይመስለዋል። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1986 በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ትርዤቢች በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ የቼክ ተወላጅ ናቸው። እህቱ አና ደግሞ እጅ ኳስ ተጫዋች ናት። ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም አድርገው በማሊያው ጀርባ የጻፉት የእኛኑ ስም ነው።

የቀኝ መስመር ተከላካዩ ቴዎዶር በአንድ ቀን ኮከብ አልሆነም። በይህላቫ ጀመረ፤ በስላቪያ ፕራግ ብዙም ሳይቆይ ወደ ስሎቫን ሊበረትስ አመራ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከክለቡ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ከዚያ በፊት በ2011 ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ነበር።

በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ፣ ቼክ ከሩሲያ ጋር ስትጫወት፣ ከተመልካቹ መካከል የዘረኝነት ድምፅ ተሰማበት። ቡድኑም በዚያ ምሽት 4 ለ 1 ተሸነፈ። ሆኖም ቼኮች ተነሥተው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ፤ እስከ ሩብ ፍጻሜም ደረሱ። በዚያው ክረምት ቨርደር ብሬመን ቴዎዶርን አስፈረመው። እስከ 2021 ድረስ ዘጠኝ የውድድር ዘመናትን እዚያው ቆየ። ለአገሩም ከ50 ጊዜ በላይ ተሰልፏል።

ከዚህ ተነሥቶ ለሚሄድስ?

ቴዎዶር አውሮፓ ተወልዶ፣ እዚያው ሠልጥኖ ያደገ ነው። ከእኛ ሜዳ ለሚነሣ ልጅ የሎዛ አበራ መንገድ ይቀርባል። የዱራሜዋ ሎዛ አስቀድማ በሐዋሳ፣ በደደቢትና በአዳማ ስሟን ተከለች። ወደ ማልታው ቢርኪርካራ የሄደችው በ2019፣ ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። እዚያም ሻምፒዮን ሆነች። ኋላም በ2024 በአሜሪካ የዲሲ ፓወር ተጫዋች ሆናለች። የተፈለገችው አገር ቤት ባስቆጠረቻቸው ግቦች ነው።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። መሐል ሜዳ የምትኖር አክስቴ ባለፈው ዓመት ደውላ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህ ሰውዬ ልጁን አውሮፓ ላስገባው፣ ቅድሚያ ክፈሉ ይላል። በጎቹን ልሽጣቸው?» አለችኝ። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ በጨርቅ ኳስ ሲሮጥ ለሚያየው ሰው ተስፋው እውነት ነው። የመንዝ በግ ደግሞ ለዚያ ቤት የባንክ ደብተር ማለት ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ተስፋ እንዴት እንደሚሸጥ አስተምሮኛል። ስለዚህ አክስቴን የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው።

አንደኛ፣ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ከሄዱ። «ዕድሜውን እናስተካክላለን» የሚል ሰው ልጅዎን ወደ ሐሰተኛ ሰነድ እየመራው ነው።

ሁለተኛ፣ ወኪል ነኝ የሚል ሁሉ ፈተና አልፎ የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስሙን በፊፋ ድረ ገጽ መፈለግ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የገንዘቡን አቅጣጫ እዩ። ክለብ ለተጫዋቹ ይከፍላል፤ ወኪሉም ድርሻውን የሚያገኘው ከውሉ ነው። በሕጉ መሠረት ልጁን ያሠለጠኑት ክለቦች እንኳ ካሳ ይከፈላቸዋል። ቤተሰብ በግ ሽጦ የሚከፍልበት ቦታ የለም።

አክስቴ በጎቹን አልሸጠችም። ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ኳሱን ይዞ ወጣ። አሁን የሚያስፈልገው ቋሚ አሠልጣኝ፣ በዕድሜው የሚወዳደርበት ቡድንና ያልተቋረጠ ትምህርት ነው። ለእነዚህ ደግሞ ከበጎቹ አንዱ ቢሸጥ አይቆጭም።